ከታች የተጻፈው ቁጥር

ሰኞ፣ ወር በገባ በ6

ልጄ ዛሬ ጠዋት ከዳቦ ቤት ሲመለስ ክንዱ ላይ ጥጥ ተለጥፎበት ነበር። «ምን ሆንክ?» አልኩት። «ምንም፣ እማ። ደም ሰጥቼ ነው፤ ለምርመራ» አለና ወደ መኝታው አለፈ። ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ ፊት ቆሞ ያደረ ሰው፣ ክሊኒኩ ሲከፈት በሩ ላይ የተገኘው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ጫማውን ሳያወልቅ ተኛ። ምራቴ ገብታ አወለቀችለት።

የምን ምርመራ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከተጋቡ አራት ዓመታቸው ነው። ቤቱ ውስጥ የልጅ ድምፅ የለም። ሁላችንም እናውቃለን፤ ማናችንም አናነሳውም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን የነቀዘ ዝምታ አውቃለሁ።

ሐሙስ፣ በ9

ውጤቱ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝና «አንቺ የመድኃኒት ወረቀት ትወጃለሽ፤ በይ አንብቢው» አለ። እቤት የሚቀለድብኝ በዚህ ነው። የጨው ፓኬት እንኳ ላዩ ላይ ያለውን ሳላነብ አልከፍትም። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ፣ ብቻዬን፣ ከመድኃኒት ወረቀትና ከጋዜጣ ቁራጭ ነው። ዘግይቶ ማዕድ የቀረበ ሰው ቶሎ አይጠግብም።

ሁለት ቦታ ላይ ቀስት አለ። ከላይ፣ ቴስቶስትሮን ከሚለው ጎን፣ 230፤ ቀስቱ ወደ ታች ያያል። መደበኛው ከ300 ይጀምራል ይላል። ከታች ደግሞ የኮሌስትሮሉ ዝርዝር አለ። መጥፎው የሚባለው፣ ኤል ዲ ኤል፣ 194፤ ቀስቱ ወደ ላይ ያያል።

ልጄ በጣቱ የላይኛውን ጠቆመ። ሳቀ፤ በሰው ፊት በጥፊ የተመታ ሰው የሚስቀውን ሳቅ። «በቃ፣ ወንድነቴ ተመዝኖ ጎደለ» አለ። ምራቴ ከኋላው ቆማ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ዓይኗ ግን ከዚያ ቁጥር አልተነሳም።

እኔ የማየው የታችኛውን ነበር።

«ይሄኛውስ?» አልኩ።

«እሱማ ስብ ነው። ጥብስ እቀንሳለሁ» አለና ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

አባቱ ያረፈው በአርባ አንድ ዓመቱ ነው። ልጄ አሁን ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ይህን ሒሳብ ድምፅ አውጥቼ ለማንም አልነገርኩም።

አርብ፣ በ10

ከሥራ ቦታ፣ በችኮላ። የምሠራበት ሆቴል አንሶላ ዛሬ ተራራ ነው። የማጥፈው ከሬዲዮ ጋር ነው። ባልደረባዬን ሬዲዮ የምንላት አንዴ ከተከፈተች የማትዘጋ ስለሆነች ነው። አንሶላ ሲታጠፍ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይራራቃል፣ ከዚያ ይቀራረባል፤ ስለዚህ ወሬዋ የሚደርሰኝ ተቆራርጦ ነው።

የወንድ ሆርሞን ሲያንስ ምን ይደረጋል ብዬ ጠየቅኋት። ለጎረቤት ነው አልኳት።

«ለጎረቤት?» አለች ስትርቅ። ስትቀርብ ደግሞ ዓይኗን ጠቀሰችኝ። «እንግዲያው ለጎረቤትሽ መርፌ አለ በዪው። የኔ እህት ባል ተወግቶት...» ራቀች። «...በሬ ሆነልሽ! ልብሱ ሁሉ ጠበበው!»

«ስብስ? ደም ውስጥ ስብ ሲበዛ?»

«እሱማ ምን አለው! ወፍራም ሁሉ አለው። ይልቅ አንሶላውን ወጥሪው፣ እቴ።»

ሰኞ፣ በ13

ሐኪሟ ዘንድ ደርሶ መጣ። ወጣት ናት አለ፣ ቶሎ ቶሎ የምታወራ። ለኮሌስትሮሉ ክኒን አዘዘችለት፤ በየቀኑ አንድ፣ ሳይቋረጥ። ለቴስቶስትሮኑ ምንም አላዘዘችም። አንዴ ተለክቶ አይፈረድም፣ በደንብ ተኝቶ ሌላ ጠዋት እንደገና ይለካል ብላዋለች። እሱ የሰማው ሌላ ነው።

«ለስቡ ክኒን ሰጠችኝ። ለዋናው ምንም።»

ለዋናው!

ብልቃጡን ለምራቴ ሰጣት። «እኔ ከሥራ ስገባ ስሜንም አላስታውስ፤ አንቺ ያዢልኝ» አላት። እሷም «ጠዋት ከሻይ ጋር እሰጠዋለሁ። እርስዎ አይጨነቁ፣ እማማ» አለችኝ። እንዴት እንዳየኋት እንጃ።

የክኒኑን ወረቀት እኔ ወሰድኩት። ደጋግሜ አነበብኩት። ክኒኑ ላይ ቁጥር ተቀርጾበታል ይላል። የደረት ሕመም፣ ድንገተኛ ሞት፣ እነዚህን ለመከላከል ይላል። ድንገተኛ።

ረቡዕ፣ በ15፣ ሌሊት

ግድግዳችን ስስ ነው። አመሻሽ ላይ ልጄ ወደ ሥራ ሊወጣ ሲለብስ ምራቴ ከስልኳ ታነብለት ነበር። ራቅ ብዬ መቀመጥ እችል ነበር። አልራቅሁም።

«ቴስቶስትሮን የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው ይላል። ገባህ? ከዚያው ከስቡ። ስቡን በክኒን ካጠፋነው ሰውነትህ ከምን ሊሠራው ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ጋጋሪ ነኝ።»

«ጋጋሪማ ከሆንክ ይገባሃል። ዱቄቱን ከወሰዱብህ በምን ትጋግራለህ?»

ሳቀ። «እንዲያ ቢሆን ሐኪሟ ትሰጠኝ ነበር? ባይሆን ሸሚዜን አቀብዪኝ፣ ፕሮፌሰር» አላትና ወጣ።

የዱቄቱ ነገር ያሳምናል። በኔ ጊዜ ስልክ አልነበረም። ለባለቤቴ የስቡ ክኒን ሲታዘዝለት የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት፤ «ስብ የወንድ ጉልበት ነው፣ ይሄ ክኒን ባልሽን በረዶ ያደርግልሻል» ነበር ያለችው። ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆንማ ማን ጆሮ ይሰጠዋል። እውነት ጣል ተደርጎበት ሲመጣ ነው የሚገባው።

ባለቤቴ ቤት ቀቢ ነበር። ከጥፍሩ ሥር ቀለም ጠፍቶ አያውቅም። ዝምተኛ ነበር። ክኒን ስሰጠው ምንድን ነው ሳይል ይውጣል፤ ሳልሰጠው ደግሞ የታል አይልም። ሰው እንዲህ ያምናል? ያን ቀን ምሳ በልቶ ጋደም አለ። ሻይ ይዤ ልቀሰቅሰው ስገባ እጁ ከአልጋው ወርዶ ተንጠልጥሏል። ጥፍሮቹ ሰማያዊ ነበሩ። ቀለም መስሎኝ «ሳትታጠብ ተኛህ?» ብዬ ተቆጣሁት።

ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ ፊደል አልለይም ነበር። ለሁሉም የምለው ይህን ነው። ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ብችል ኖሮ እላለሁ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቅንቆ «ምን ታደርጊ» ይለኛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ምን ታደርጊ» ተብያለሁ።

ማክሰኞ፣ በ21

ዛሬ ጠዋት ሻይ የማፈላ መስዬ ኩሽና ውስጥ ቆየሁ። ምራቴ ከብልቃጡ አንድ ክኒን አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረች። ዋጠው። ተመስገን። በሰው ልጅ ላይ ክፉ ማሰብ ኃጢአት ነው፤ እሷ እንደኔ አይደለችም።

ለምን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ? ይቅር።

እሑድ፣ በ26

ልጄ እግሩን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጦ ነበር። ቀስ ብሎ አነሳው።

«እማ፣ መርፌ አለ ይላሉ።»

«እነማን?»

«ዳቦ ቤት ያሉት ልጆች። ክብደት የሚያነሱት። ይሄን የጎደለውን የሚሞላ።»

«ሐኪሟን ጠይቃት።»

«እሷን? ‹ተኛ› ነው የምትለኝ። እኔ ልተኛና ከተማው ምን ይብላ?»

«አትወጋው፣ ልጄ። ስሞትልህ።»

«ምን ያስፈራሻል? አንቺ እኮ ጥላሽን ስታዪ ‹ማነው› የምትዪ ሴት ነሽ።» ስቆ እርጥብ እጁን ጉንጬ ላይ ለጠፈው። ፊቱ አመድ መስሏል። ዱቄት ነው ብዬ በመሐረብ ጠረግሁት። አልለቀቀም።

ማክሰኞ፣ ሌላ ወር ገብቶ በ5

ምንም የለም። ይበላል፣ ይሠራል፣ ይተኛል። ክኒኑንም ይውጣል። ታዲያ እኔ ለምንድን ነው እንቅልፉ ላይ ቆሜ ትንፋሹን የማዳምጠው? ምራቴ ትናንት በሩ ላይ አገኘችኝ። «እማማ፣ ምን ፈለጉ?» አለች። «መቀስ» አልኩ። ከመኝታ ቤት መቀስ!

እሑድ፣ በ17

ኪስ ሳልፈትሽ ልብስ ውሃ ውስጥ አልከትም። የሆቴል ልብስ አጣቢ ልማድ ነው፤ አንድ የተረሳ እስክሪብቶ ስንት ነጭ አንሶላ እንደሚያጠፋ አይቻለሁ። ዛሬ የቤታችንን ልብስ ላጥብ የምራቴን የቤት ቀሚስ ኪስ ዳሰስኩ። በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አለ። ፈታሁት።

ብዙ ክኒን ነው። ነጭ፣ ሞላላ፣ መሀሉ ላይ ቁጥር የተቀረጸበት። ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ ወረቀቱ ላይ አንብቤዋለሁ። ባለፈው አርብ ከፋርማሲ የመጣው በሙሉ እዚያ ነው።

ኩሽና ገብቼ ብልቃጡን ከፈትኩ። ሙሉ ነው። ነጭ፣ ሞላላ። ቁጥር የለበትም። አንዱን ምላሴ ላይ አደረግሁት፤ ጣፈጠ። ቫይታሚን ነው።

ልጄ በየጠዋቱ የሚውጠው ይህን ነው። ባለፈው ወርስ? ባለፈውም ወር ይሆናል።

ሶፍቱን እንደነበረ ጠቀለልኩት። ቀሚሱን ሳላጥብ ከወሰድኩበት መለስኩት።

ማታ። መቆጣት ነበረብኝ። ቁጣ አጣሁ።  እሷ ጠቅልላ ኪሷ ውስጥ አኑራዋለች፤ ለመጣል እጇ አልጨከነም ማለት ነው። እኔ ኪስ ውስጥ አላኖርኩም። ውሃ ባለበት ነበር የምጥለው።

ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ረቡዕ፣ በ20

ልነግራት ቆርጬ ነበር። ገመዱ ላይ ልብስ ስናሰጣ፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አልኩ።

«እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር፣ እማማ። አይቆጡኝና፣ ሁለተኛ ልጅ ለምን አልወለዱም?»

የልብስ መቆንጠጫው ከእጄ ወደቀ።

«አልሆነልኝም።»

«ፈልገው ነበር?»

«በጣም።»

«እንግዲያው ይገባዎታል።» ዓይኗ ሞላ። «እናቴ በየሳምንቱ ትደውላለች። ደህና ነሽ ወይ የለም፣ በላሽ ወይ የለም፤ ‹እስካሁን?› ብቻ። ስልኩ ሲጮኽ ትራስ ሥር እደብቀዋለሁ። ልጅዎ ደግሞ ማታ ማታ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ቁጥሩ ከወጣ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ወደኔ አልዞረም።»

አቀፍኳት። ልነግራት የመጣሁትን ተውኩት። ክፉ ሴት ብትሆን እንዴት በቀለለኝ። ባሏን የምትወድ፣ ልጅ የምትመኝ፣ ያነበበችውን ያመነች ሴት ናት። ብነግራት «እርስዎ በምን ጠረጠሩኝ?» ትለኛለች። ሰው ያልሠራውን አይጠረጥርም።

ፈሪ። ፈሪ ነኝ።

አርብ፣ በ22

ክኒኑን ከኪሷ ሰርቄ ብልቃጡ ውስጥ ልመልሰው አሰብኩ። እሷ ሳታውቅ፣ እሱም ሳያውቅ። ዕቃ ልትገዛ ስትወጣ ገባሁ።

ኪሱ ባዶ ነው።

ሰኞ፣ በ25

ከክሊኒኩ ኮሪደር። እጄ አይጽፍም። ሊጥ ሲያነሳ ደረቱን ይዞ ተቀመጠ አሉ። የሥራ ጓደኛው በዳቦ ማመላለሻው መኪና አመጣው። ሸሚዙ ገና ዱቄት ነው። በመጋረጃው ሥር እግሩ ይታየኛል። ይንቀሳቀሳል። እግሩን እያየሁ ነው። አምላኬ፣ በኔ ኃጢአት አታድርግበት። የኔን በኔ አድርገው።

እዚያው፣ ቆይቶ። ልቡ አልተጎዳም አለች ሐኪሟ። ግን ማስጠንቀቂያ ነው። «ክኒኑን በየቀኑ እየወሰደ ነው?» ብላ ጠየቀች። እኔ አፌን ከፈትኩ። ምራቴ ቀድማ «አዎ» አለች። ድምፅዋ የሷ አይመስልም ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

አሥር ቀን ፈቃድ ተሰጠው። ሌሊት ይተኛል፣ ቀን ያርፋል፤ ከዚያ ጠዋት፣ ሳይበላ፣ ደም ይሰጣል። ሁለቱም ይለካሉ።

እሑድ፣ አዲስ ወር በገባ በ1

ልጄ ሌሊት እየተኛ ነው። የሌሊት እንቅልፍ ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር ይላል። ፊቱ ትንሽ ቀላ።

ምራቴ ከኔ ጋር ዓይን ለዓይን አትገጥምም። ጠዋት ክኒኑን ስትሰጠው ፊቷን ታዞራለች። ዛሬ ብልቃጡን እንደያዘች ደጋግማ ወደ ፋርማሲው መንገድ በመስኮት አየች። መሄድ ትፈልጋለች። ልሂድ ብትል ደግሞ የቀደመውስ የት ሄደ ትባላለች። ይህን ሁሉ ከጀርባዋ አነበብኩት። ማንም ሳያስተምረኝ ያነበብኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ሐሙስ፣ በ5፣ ሌሊት

ቀስ ብዬ፣ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሦስታችንም ገባን። ሐኪሟ ወረቀቱን ከፊቷ አድርጋ ወደ ልጄ ዞረች።

«መጀመሪያ ደም የሰጡ ዕለት ከየት ነበር የመጡት?»

«ከምድጃ፣ ዶክተር። ቀጥታ።»

«ሳይተኙ?»

«መቼ ልተኛ!»

«ይሄን አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ቴስቶስትሮን ከፍ የሚለው ሰው ተኝቶ ሲነሳ ነው። ለላቦራቶሪው ጠዋት ነበር፤ ለእርስዎ ሰውነት ግን ሌሊቱ ገና አልጀመረም። ያን ቀን የለካነው ድካምዎን ነው።» ወረቀቱን አዞረችለት። «አሁን 440 ነው። ደህና ነው።»

ልጄ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ከዚያ «ደህና ነው?» አለ። «ደህና ነው» አለችው። እንደገና «ደህና ነው?» አላት፤ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ይሄኛው ግን የራሱ ሳቅ ነበር። መርፌውን ጠየቃት። እንዳይነካው አለችው፤ ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ ሰውነት የራሱን ማምረቻ ይዘጋል፣ ዘርም ይደርቃል፣ ልጅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ በላይ ራሱን አይጎዳም አለች። ለልጁ ጉዳይ ሁለታችሁም አብራችሁ ሌላ ምርመራ ታደርጋላችሁ አለች። ምራቴ ወለሉን ታይ ነበር።

ከዚያ ሐኪሟ ጣቷን ወደ ታች አወረደች።

«እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። 192። ንቅንቅ አላለም። በዚህ ክኒን በሲሶ እንኳ መውረድ ነበረበት። በእርግጥ በየቀኑ ወስደዋል?»

«አንድ ቀን አልዘለልኩም። ሚስቴ ምስክሬ ናት።»

«እንግዲያው ይህ መጠን ለእርስዎ አልሠራም ማለት ነው። ከፍ ወዳለው ልወስድዎ ነው። ጡንቻና ጉበት ላይ ሊከብድ ይችላል፤ እየተከታተልን...» ብላ እስክሪብቶዋን አነሳች።

የምራቴ ጉልበት ጉልበቴን ይነካ ነበር። አፏ ተከፍቷል፤ ድምፅ ግን የለም። ያንን አፍ አውቀዋለሁ። አሁን ካልወጣ ሠላሳ ዓመት አይወጣም።

«ዶክተር፣ ክኒኑን አልወሰደም» አልኩ።

ሁሉም ዞሩብኝ።

«ብልቃጡን ቫይታሚን የሞላሁበት እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም። ክኒን መስሏት ነው የምትሰጠው።»

«እማማ?» አለች ምራቴ። ጉልበቷን በእጄ ያዝኩ፤ ጠበቅ አድርጌ። 

«ለምን?» አለች ሐኪሟ። ቁጣዋን በጥርሷ ይዛው ነበር።

«ወንድነቱን ያጠፋል ብለው ነገሩኝ። ስቡ የወንድ ጉልበት ነው አሉኝ። አመንኩ። ልጅ... ልጅ እንዲወለድ ፈልጌ ነበር።»

በዚህኛው መልሴ ውስጥ አንዲትም የፈጠርኩት ቃል አልነበረም።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሆርሞኑ ከኮሌስትሮል መሠራቱ እውነት ነው አለች፤ ግን የሚፈልገው ጥቂት ነው፣ እሱንም ሰውነት ራሱ ያዘጋጃል፤ ክኒኑ የሚቀንሰው የደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ትርፍ ነው። ይህን የተናገረችው ለኔ ነው። የሰማችው ግን ምራቴ ናት፤ ቃል በቃል ስትውጠው አየኋት። በመጨረሻ ሐኪሟ «እማማ፣ ልጅዎን ሊገድሉት ነበር» አለችኝ። «አዎ» አልኳት።

የቀድሞው መጠን ይቀጥላል፤ ይኸኛውን በእውነት።

ኮሪደሩ ላይ ልጄ ከፊት ከፊት ሄደ። ከዚያ ቆመ፣ ሳይዞር።

«የአባቴን ክኒን ማን ነበር የሚሰጠው?»

ሰዎች ያልፋሉ። አንዲት ነርስ ጋሪ እየገፋች ትመጣለች።

«እኔ» አልኩት።

 ጋሪው በመሀላችን አለፈ፤ ካለፈ በኋላ እሱ አልነበረም።

ምራቴ ክንዴን ይዛ ታለቅሳለች። «ዛሬውኑ እነግረዋለሁ። እኔ ነኝ እለዋለሁ።»

«ትነግሪውና ቤትሽ ይፈርሳል። ነገ ጠዋት ክኒኑን ዛሬ ከሚገዛው አዲስ ብልቃጥ ስጪው። ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ሌላ ሥራ የለሽም።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ።»

«ያልሠሩትን ለምን ተሸከሙልኝ?»

 ሰዓት እላፊ እንደደረሰበት ሰው እርምጃዬን አፈጠንኩ።

ማንበብ አለመቻሌ አልነበረም። ይኸው ጻፍኩት።

ቅዳሜ፣ በ7

አያናግረኝም። ምሳ ሲቀርብ «በዪያት ትብላ» ይላል ለሚስቱ፤ እኔ እዚያው ፊት ለፊቱ ተቀምጬ። ብልቃጡን ከኩሽና አንስቶ ወደ መኝታው ወስዷል። ልክ ነው። እኔም ብሆን ከኔ አርቀው ነበር።

ሬዲዮ ዛሬ አንሶላ ስናጥፍ «ጎረቤትሽስ ተሻለው?» አለችኝ። ተሻለው አልኳት። «መርፌውን ተወጋው?» አልተወጋም፣ ተኛ አልኳት። «እንቅልፍ ነው እንዴ መድኃኒቱ! እኔ ለባሌ ልንገረው፤ እሱማ እስካሁን አንበሳ መሆን ነበረበት» ብላ ስቃ አሳቀችኝ። ስቄ ስጨርስ በመሳቄ ፈራሁ።

ከዚህ በኋላ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ሐኪሟ ከስድስት ሳምንት በኋላ ትለካዋለች። ቁጥሩ ባይወርድስ? ምራቴ በጭንቀት ብትናዘዝስ? ከዚያ እኔንም «ለምን ዋሸሽ» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ የቱ ጋ እንደዋሸሁ እንዴት አድርጌ አስረዳዋለሁ?

ሰኞ፣ በ9

ዛሬ ጠዋት ኩሽና ሆኜ ብርጭቆ ሳጥብ ገባ። ብልቃጡ በእጁ ነው። ምራቴ ከኋላው በሩ ላይ ቆመች፣ ፊቷ ነጭ ሆኖ። ከአራት ቀን ወዲህ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ያየኝ ዛሬ ነው።

አንድ ክኒን አውጥቶ ዓይኔ አጠገብ አደረገው። ቁጥሩ እንዲታየኝ ገለበጠው። ከዚያ ምላሱ ላይ አኖረና ከቧንቧው በመዳፉ ውሃ ተጎንጭቶ ዋጠ።

«ዋጥኩ» አለ። «መጠበቅ አይደል የለመድሽው? በይ እዪ።»

እንደ ሕፃን አፉን በሰፊው ከፈተ። ምራቴ «ተው፣ እባክህ» አለች። አልተወም። ምላሱን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አዞረ፤ ከዚያም አነሳና ሥሩን አሳየኝ።

ሊሰድበኝ ብሎ ነው። ገብቶኛል። ልጅ እናቱን ከዚህ በላይ አይሰድብም።

እኔ ግን አየሁ። እጄን በቀሚሴ አድርቄ፣ ቀረብ ብዬ አየሁ። ምላሱ ሥር ምንም አልነበረም።

ነገም እንዲሁ ይስደበኝ።